ዓርብ የወጣ መፍቻ፦ በጅማ የአንድ ችሎት ነፃነት የተፈተነበት ጉዳይ

በጅማ ከተማ አንድ የወንጀል ችሎት ለስድስት ተጠርጣሪዎች ዋስትና ፈቀደ። መፍቻ የሚባለው፣ ሰዎቹ እንዲለቀቁ ለፖሊስ ጣቢያው የሚጻፈው ወረቀት፣ ቢላክም ትዕዛዙ ሳይፈጸም ስድስት ቀን ቆየ። ይህ ጽሑፍ በእነዚያ ስድስት ቀናት የሆነውን ይመዘግባል። የሰዎቹ ስም፣ የፍርድ ቤቱ ደረጃ፣ ጣቢያውና ዓመቱ ሆን ተብሎ ቀርተዋል። ጉዳዩ የተመረጠው ዳኛው የተለየ ጀግና ስለሆኑ አይደለም። ሕዝብ በጎራ በተከፈለበት ሰሞን የዳኝነት ነፃነት የሚሸረሸርባቸው ቀዳዳዎች፣ ማለትም ስልኩ፣ ማኅተሙ፣ የገንዘብ ቤቱ ሰዓት፣ ትርጉሙና የችሎት ድልድሉ፣ ሁሉም በአንድ መዝገብ ላይ ስለታዩ ነው።

ዳራ

ጅማ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። የዳኛው ልጅ ከመርማሪው ልጅ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ይማራል፣ ጠበቃውና ዐቃቤ ሕጉ አንድ ቤት ቡና ይጠጣሉ፣ በሄርማታ መርካቶ ጠዋት የተባለ ነገር ከቀትር በፊት አጂፕ ሰፈር ይደርሳል። በደጉ ጊዜ ይህ መተዋወቅ ብዙ ጠብ ያበርዳል። ጎራ ሲለይ ግን ዳኛው በየትኛው ሰፈር እንደሚኖሩ፣ እናታቸው የየት አገር ሰው እንደሆኑ፣ ሰርግ ላይ ከማን ጋር እንደተቀመጡ መቆጠር ይጀምራል።

ሁለተኛው ነገር ቋንቋ ነው። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። በጅማ ግን አማርኛ አፉን የፈታበት፣ አፋን ኦሮሞ ለገበያ ያህል እንጂ ለችሎት የማይበቃው ነዋሪ ብዙ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ተከሳሽ በማይገባው ቋንቋ ሲዳኝ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት ያዛል፤ አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ይላል። ሁለቱም ድንጋጌዎች የሚጠብቁት ተጠርጣሪውን ነው። በር ላይ ስለሚጠብቀው ቤተሰብ አይናገሩም፤ ወሬ የሚወለደው ግን እዚያ ነው።

ሕጉ ራሱ ብዥታ የለበትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ፍርድ ቤቶች ከማንኛውም የመንግሥት አካል፣ ባለሥልጣንም ሆነ ከሌላ ከማንኛውም ተጽዕኖ ነፃ መሆናቸውን፣ ዳኛም ከሕግ በቀር በሌላ እንደማይመራ ይደነግጋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59 ለምርመራ የሚሰጥ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይገድባል፣ በአንቀጽ 66 የዋስትና ጥያቄ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲወሰን ያዛል፣ በአንቀጽ 67 ዋስትና የሚከለከልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ግዴታውን የማይፈጽም መሆኑ፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ተብሎ መገመቱ፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል የሚለው ሥጋት፤ ዝርዝሩ ይኸው ነው። «ጉዳዩ ፖለቲካዊ ነው» የሚል ምክንያት በውስጡ የለም።

መዝገቡ

በአንድ የገበያ ሰፈር በሁለት ወገኖች መካከል ጠብ ተነሣ። ድንጋይ ተወራወሩ፣ ሁለት ሱቅ ተሰበረ፣ ሰው ተፈነከተ። ማክሰኞ ከሰዓት ዘጠኝ ወጣቶች ተያዙ፤ ከሁለቱም ወገን ነበሩ። ሐሙስ ጠዋት፣ የተያዘን ሰው ፍርድ ቤት ለማቅረብ የተወሰነው 48 ሰዓት ሳይሞላ፣ ተረኛ ችሎት ቀረቡ። ፖሊስ 14 ቀን ጠየቀ፤ ስምንት ተሰጠው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሥርዓቱ ሄደ።

በዚያው ሳምንት ፌስቡክ ላይ የተፋፋመው ሌላ ነገር ነው። አንደኛው ወገን የታሰሩት ሁሉ የእኛ ናቸው አለ፣ ሌላውም እንዲሁ። ዘጠኙ ከሁለቱም ወገን መሆናቸውን የጻፈ ሰው አልተገኘም።

በቀጠሮው ዓርብ መዝገቡ ለመደበኛው ዳኛ ቀረበ። መርማሪው ተጨማሪ 14 ቀን ጠየቀ፤ ምክንያቱ የመጀመሪያው ቃል በቃል ነበር፦ «ግብረ አበሮች ስላልተያዙና ምስክር ስላላሰማን»። ዳኛው የምርመራ መዝገቡን አስቀርበው ገጽ በገጽ አዩት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሁለት ምስክሮች ቃል ተቀብሏል። ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ቀናት የተሠራ አንድም ሥራ አልነበረም።

ዳኛው ዘጠኙን በጅምላ አላዩም። በእያንዳንዱ ስም ሥር ምን ማስረጃ እንዳለ፣ ምን ቀሪ ሥራ እንዳለ፣ ቢለቀቅ የትኛው ሥጋት እንደሚነሣ ለየብቻ ጻፉ። በሦስቱ ላይ ምስክሮች በስም ጠቅሰው ስለመሰከሩና ያልተሰሙ ምስክሮች ጎረቤቶቻቸው ስለሆኑ አምስት ቀን ተፈቀደ። ስድስቱ እያንዳንዳቸው በ4,000 ብር ዋስ እንዲወጡ ታዘዘ። ትዕዛዙ በንባብ የተሰማው ከጠዋቱ 4፡30 ነው።

ችግሩ፦ ከትዕዛዙ በፊት

ሐሙስ ማታ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ስልክ ተደውሎ ነበር። የተባለው «ይፈረድባቸው» አይደለም። «የከተማው ሁኔታ ስለሚታወቅ ጉዳዩ በጥንቃቄ ይታይ» ነው የተባለው። ፕሬዚዳንቱ ዓርብ ጠዋት ዳኛውን ጽሕፈት ቤታቸው ጠርተው መልእክቱን እንደወረደ አደረሱ፣ «መዝገቡን እስቲ ላየው» የሚል ጥያቄም ጨመሩ። ዳኛው መዝገቡ ለችሎት ዝግጁ እንደሆነ ተናግረው ወጡ።

ጣልቃ ገብነት በአብዛኛው የሚመጣው እንዲህ በለስላሳ ቃል ነው። «በጥንቃቄ» በራሱ ምን ክፋት አለው? ዳኛ ሁሉንም መዝገብ በጥንቃቄ ሊያይ ይገባል። ቃሉ ክብደት የሚያገኘው ከማን እንደመጣ፣ መቼ እንደመጣ፣ ስለ የትኛው መዝገብ እንደተባለ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ ሊመዘገቡ የሚገባቸው እነዚያ ሦስት ነገሮች ነበሩ። ዓርብ ዕለት አንዳቸውም አልተመዘገቡም። ፕሬዚዳንቱ የማሳለፊያ ቱቦ ሆኑ፤ መከለያ መሆን ነበረባቸው። ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለናል፣ በኋላ ከሚነገረው ከጣቢያው እምቢታም ይልቅ።

ችግሩ፦ ከትዕዛዙ በኋላ

ዋስትና መፈቀድና መፈታት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመካከላቸው አራት እርምጃ አለ፦ ቤተሰብ ገንዘቡን በፍርድ ቤቱ ገንዘብ ቤት ያስይዛል፣ ደረሰኙ ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል፣ ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ የመዝገብ ኃላፊ) መፍቻውን አስጽፎ ያስፈርማል፣ ማኅተም ያረፈበት መፍቻ ጣቢያ ይደርሳል። ከአራቱ አንዱ ከተስተጓጎለ የዳኛው ቃል እዚያው ችሎት ውስጥ ይቀራል።

ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ምሳና ሶላት ነው። ትዕዛዙ 4፡30 ተነበበ፣ ተተይቦ እስኪፈረም አንድ ሰዓት አለቀ። ቤተሰቦች ገንዘብ ይዘው 7፡30 ተሰለፉ፤ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ደረሰኝ መቆረጥ የጀመረው 8፡20 ነው። እስከ 9፡00 አራቱ ከፈሉ። የሁለቱ ቤተሰብ ብሩ አልሞላላቸውም። የአራቱ መፍቻ ጣቢያ የደረሰው ከቀኑ 10፡40 ላይ ነበር።

ወረቀቱን ያደረሰው የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ነው። ተረኛው ፖሊስ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና መልሶ ሰጠው። መቀበያ ማኅተሙ በኃላፊው መሳቢያ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ ኃላፊው ኪስ ነው፣ ኃላፊው ስብሰባ ወጥተዋል። መልእክተኛው የማስረከቢያ ደብተሩን ዘርግቶ «እንግዲያው እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» አለ። ተረኛው አልፈርምም አለ። መልእክተኛው በመስመሩ ላይ በራሱ እጅ «10፡40፣ ተነቦ ተመለሰ፣ ማኅተም የለም ተባለ» ብሎ ጻፈና አብሮት የመጣውን የአንድ ታሳሪ አጎት በምስክርነት አስፈረመ። ይህን አድርግ ብሎ ያዘዘው የለም። ያቺ አንድ መስመር ኋላ የመዝገቡ ምሰሶ ሆነች።

በፍርድ ቤቱ በር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ትዕዛዙ በአፋን ኦሮሞ ሲነበብ ለተጠርጣሪዎቹ አስተርጓሚ ነበራቸው፤ ውጭ ለቆመው ሰው ግን የለም። አንዲት እናት ጥበቃውን ክንዱን ይዘው «ልጄ፣ እስቲ በአማርኛ ንገረኝ፤ ፈታው ወይስ አሰረው?» ሲሉ ጠየቁት። ጥበቃው የሰማው የመጨረሻውን ክፍል፣ የሦስቱን አምስት ቀን ብቻ ነበር። «አምስት ቀን ጨምረውባቸዋል እማማ» አላቸው። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንዱ ወገን ዳኛው ዘጠኙንም መልሰው አሰሩ ብሎ ጻፈ፤ ሌላው ደግሞ ከችሎት የወጣ ሰው ነግሮት ወንጀለኛ ለቀቁ ብሎ ጻፈ። የዳኛው ፎቶ በሁለቱም ገጾች ወጣ። ከአንዱ ተጠርጣሪ ጋር የሥጋ ዝምድና አላቸው የሚል ወሬም ተከተለ። ዐቃቤ ሕግም ሆነ ተጠርጣሪ ዳኛው ከመዝገቡ እንዲነሡ አመልክቶ አያውቅም፣ ችሎቱም ጠይቆ አልመዘገበም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ቅዳሜና እሑድ ባዶ አለፉ። ሰኞ ጠዋት የተደረገው ቀጥሎ ያለው ነው።

የተጠርጣሪዎቹ ጠበቃ ትዕዛዝ አልተፈጸመም የሚል የጽሑፍ አቤቱታ በዚያው መዝገብ ላይ አቀረበ፤ የማስረከቢያ ደብተሩን ገጽ ቅጅም አያያዘ። በዚያው ሰዓት የቀሩት ሁለቱ ከፍለው የስድስቱም መፍቻ ተሟላ። ጣቢያው በዚህ ጊዜ የሰጠው መልስ «ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ሊል ነው፣ ከበላይም መመሪያ አልደረሰንም» የሚል ነበር። ችሎቱ በዚህ ላይ ግማሽ ገጽ ትዕዛዝ ጻፈ፦ ይግባኝ እላለሁ ማለት እግድ አይደለም፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት በጽሑፍ ካላገደ በቀር ትዕዛዙ በቆመበት ይፈጸማል፤ የፍርድ ቤትን ትዕዛዝ ለመፈጸም የሌላ አካል መመሪያ አያስፈልግም። የጣቢያው ኃላፊ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡00 ስድስቱን ይዘው በአካል እንዲቀርቡ ታዘዙ። ትዕዛዙ በስማቸው ሳይሆን በሥራ መደባቸው ተጻፈ፤ ሰውየው ፈቃድ ወጥቻለሁ ቢሉ ተተኪው እንዲገደድበት።

ማክሰኞ ማንም አልቀረበም። ችሎቱ 3፡40 ድረስ ጠብቆ አለመቅረባቸውን መዘገበ። ሁለተኛው ትዕዛዝ ለበላይ የፖሊስ አካል ወጣ፤ ግልባጩም ለዐቃቤ ሕግ ተላከ። በዚህ ትዕዛዝ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 ተጠቅሷል፣ ከሕግ ውጭ ሰው የሚያስር የመንግሥት ሠራተኛን የሚመለከተው። አንቀጽ 449ን ለመጥቀስ የፈለገ ነበር፤ እሱ ግን በዋናነት የሚናገረው የችሎትን ሥራ ስለሚያውክና ዳኛን ስለሚሰድብ ሰው ስለሆነ፣ ጣቢያ ቁጭ ብሎ ትዕዛዝ ለሚያዘገይ ኃላፊ ማስተባበያ በር ይከፍታል።

በዚያው ቀን ጠበቃው ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ከሕግ ውጭ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ የሚቀርብ ጥያቄ፣ አስገባ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 177 እስከ 179 የሚገዛው ሥርዓት ነው። አቤቱታው ማን እንደያዘው፣ የት እንደተያዘና ሊመሰክሩ የሚችሉትን ሰዎች ስም የያዘ የመሐላ ቃል ይፈልጋል፤ ታሳሪው ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ምክንያቱን ገልጾ ሊምልለት ይችላል። የሬጅስትራሩ የመጀመሪያ መልስ «የተያዘ መዝገብ ስላለ እዚያው ጨርሱ» የሚል ነበር። ጠበቃው ያቀረበው ክርክር አጭር ነው፦ ዋስትና ተፈቅዶ ዋሱ ከተሟላ በኋላ ሰዎቹን የሚያቆይ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ የለም፣ ስለዚህ እስራቱ መሠረት የለውም። አቤቱታው ተመዘገበ፣ ጣቢያው ሐሙስ ጠዋት ታሳሪዎቹን አቅርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ መጥሪያ ወጣ።

ረቡዕ ዕለት ዳኛው ሌላ ሥራ ሠሩ። የሐሙስ ማታውን ስልክና የዓርብ ጠዋቱን ንግግር በአንድ ገጽ ጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ በማን በኩል እንደደረሳቸው፣ የተባለው ቃል፣ የሰጡት መልስ። አስተያየት አልጨመሩበትም። አንዱን ቅጅ ለፕሬዚዳንቱ በደብዳቤ ቁጥር አስገቡ፣ አንዱን ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ላኩ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ መዝገብ የተደወለ ስልክ አልነበረም።

ውጤቱ

ሐሙስ ጠዋት ጣቢያው ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት አምስቱን ለቀቀ። ስድስተኛው ከጣቢያው በር ሳይርቅ በሌላ ጥርጣሬ ተመልሶ ተያዘ። ይህ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1993 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ለቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ለአቶ ስዬ አብርሃ ዋስትና ፈቅደው፣ ተጠርጣሪው ወዲያው ተመልሰው መያዛቸውና በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይወጣ ሕጉ መሻሻሉ የሕግ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። በጅማው ጉዳይ ልጁ አርብ ዕለት በአዲስ መዝገብ ቁጥር ለሌላ ችሎት ቀረበ። አዲሱ ችሎት የቀድሞውን መዝገብ አያውቅም፤ ዐቃቤ ሕግም አልነገረውም፤ ሰባት ቀን ተፈቀደ። ጠበቃው ሁለቱ መዝገቦች የአንድ ቀን፣ የአንድ ቦታ፣ የአንድ ድርጊት መሆናቸውን ጎን ለጎን አሰልፎ ካሳየ በኋላ በሰባተኛው ቀን ተፈታ።

ከሁለት ወር በኋላ ዳኛው ወደ ፍትሐ ብሔር ችሎት ተዛወሩ። የተሰጠው ምክንያት «የሥራ ድልድል» ነው። በጽሑፍ ተቃወሙ፣ የተለወጠ ነገር የለም። የጣቢያው ኃላፊ ላይ በአንቀጽ 423 የተከፈተ ክስ የለም።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም፣ ለሌላው የሚተርፈው

ከሁሉ በላይ የሠራው በእያንዳንዱ ተጠርጣሪ ስም ሥር የተጻፈው ምክንያት ነው። ስድስቱ የተፈቱት ሦስቱ የቀሩት ለምን እንደሆነ ከወረቀቱ ስለሚነበብ፣ ዳኛው ለጎራ አደሉ የሚለው ወሬ ውሎ አድሮ መያዣ አጣ፤ ከተፈቱትም ከቀሩትም ከሁለቱ ወገን ሰው ነበረ። የጅምላ ትዕዛዝ ቢሆን ኖሮ ይህን ማሳየት አይቻልም ነበር። በጎራ ዘመን ለዳኛ ከሁሉ የሚቀርበው ጋሻ በምክንያት የተጻፈ ትዕዛዝ ነው፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ጥቅሙ ግን የሚፈጀውን ጊዜ ያህላል።

ማስረከቢያው ሌላው ነው። መፍቻ ሲላክ ደብተሩ አምስት ዓምድ ቢኖረው ይበቃል፦ የመዝገብ ቁጥር፣ የደረሰበት ሰዓት፣ የተቀባይ ስምና የሥራ መደብ፣ ፊርማ፣ ካልተቀበሉ የተሰጠው መልስ ቃል በቃል። አምስተኛው ዓምድ በብዙ ፍርድ ቤት ደብተር ላይ የለም። እምቢታ የሚጻፍበት ቦታ ከሌለው እምቢታው እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ዓርብን በተመለከተ፦ የዋስትና ትዕዛዝ የሚሰጥበት ቀጠሮ ከተቻለ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቢሆን፣ ዓርብ ከሆነ ደግሞ ጠዋት 3፡00 ተነቦ ከ5፡30 በፊት መፍቻ እንዲወጣ ከገንዘብ ቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያሻል። በእጅ የሚቆረጥ ደረሰኝ ጥራዝ ለመብራት መጥፋት ቀን መቀመጥ አለበት። እንዲህ ያለው ነገር ለዳኝነት ነፃነት ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ዓርብ የከፈሉትን አራቱን ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ያቆያቸው የተቆለፈ መሳቢያና የጠፋ መብራት ነው፤ ትዕዛዙ ቀትር ላይ ቢደርስ ኖሮ የማኅተሙ ሰበብ ለመቆየት ጊዜ ባላገኘ ነበር።

የስልኩ ማስታወሻ ሠርቷል፣ ግን አምስት ቀን ዘግይቶ። ዓርብ ጠዋት ከችሎት በፊት ቢጻፍ ኖሮ ዳኛው በኋላ «ሲጨንቃቸው ነው ያነሡት» ባልተባሉም ነበር። ቀላሉ ልማድ ስለ ማንኛውም መዝገብ ከችሎት ውጭ የመጣን ቃል በዕለቱ መጻፍ ነው፤ ከባለሥልጣንም ይምጣ፣ ከዘመድ፣ ከሽማግሌ። ከአንድ ወገን የመጣውን ብቻ የሚጽፍ ዳኛ ራሱ ለሚቀጥለው ወሬ ጭድ ያቀብላል። የፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ደግሞ ለሚደውልለት ሁሉ አንድ መልስ ይኑረው፦ «አቤቱታ ካለዎት በዐቃቤ ሕግ በኩል በመዝገቡ ላይ ያስገቡ፤ መደወልዎን እመዘግባለሁ።» መልእክቱን ለዳኛው ማድረስ የለበትም፣ በቅንነትም ቢሆን።

ስለ ዝምድና ወሬ፦ ችሎት ሲከፈት «ዳኛው እንዲነሡ የሚጠይቅ ወገን አለ?» ብሎ በግልጽ ጠይቆ መልሱን መመዝገብ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ጅማን በመሰለ ከተማ ዝምድና የማይገኝለት ሰው የለምና ጥያቄው በየመዝገቡ መጠየቅ አለበት፣ ትኩስ በሆነው ላይ ብቻ ከተጠየቀ ጥርጣሬ ይወልዳል።

ያልሠራው ብዙ ነው። በር ላይ ተመልሶ የመያዝን ነገር ምንም ያገደው የለም። ሊቀንሰው የሚችለው ሬጅስትራር አዲስ የጊዜ ቀጠሮ መዝገብ ከመክፈቱ በፊት የተጠርጣሪውን ስም በቀድሞ መዝገቦች መፈለጉና የተገኘውን ቁጥር በአዲሱ ሽፋን ላይ መጻፉ ነው። ያኔ ሁለተኛው ችሎት ሳያውቅ የመጀመሪያውን አይሽርም።

የዳኛው መዛወር ደግሞ ከሁሉ የሚያሳስበው ነው፣ ሕጉም የማይደርስበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ንዑስ አንቀጽ 4 ዳኛ ከጡረታ ዕድሜው በፊት እንዳይነሣ ይከላከላል፤ ጉባኤው በዲሲፕሊን ጥፋት፣ በጉልህ የሥራ ችሎታ ማነስ ወይም በሕመም ካልወሰነና ምክር ቤት ካላጸደቀ ከዳኝነቱ ማንም አያወርደውም። ከወንጀል ችሎት ወደ ፍትሐ ብሔር ችሎት መዛወሩን ግን አይከለክልም። ዳኝነቱ ሳይነካ ዳኛው ከመዝገቡ ይለያል። የሚያግዘው የችሎት ድልድል በዓመቱ መጀመሪያ ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ፣ በዓመቱ መካከል ሲለወጥም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥና በእጅ ያሉ የጊዜ ቀጠሮ መዝገቦች ሳያልቁ ለውጡ እንዳይጸና ማድረግ ነው። ይህ በፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ሊደረግ የሚችል ነው፤ አዲስ አዋጅ አይጠይቅም።

በዚያ ፍርድ ቤት እስካሁን የተለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። የማስረከቢያ ደብተሩ አምስተኛ ዓምድ ተጨምሮበታል፣ በእጅ በተሠመረ መስመር። ከችሎቱ በር አጠገብም የየዕለቱ ትዕዛዝ ውጤት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ የመዝገብ ቁጥርና አንድ መስመር ብቻ፣ ችሎት በተነሣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለጠፋል። የሚለጥፈው ያው የዓርቡ መልእክተኛ ነው።